በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ የጸረ-ቫይረስ ፍተሻን በቀጠሮ ማስያዝ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማሳተም ትናንት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሳ ተመለሰች። ማታ ፍላሿን በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ስትሰካ ፎልደሮቿ በሙሉ በግራ ጥጋቸው ትንሽ ቀስት የተለጠፈባቸው ሾርትካቶች (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙ ምልክቶች) ሆነው አገኘቻቸው። «ወንድሜ፣ ምዕራፍ ሦስት ጠፋብኝ!» ብላ ስትጠራኝ እኔ በበኩሌ ቫይረሱን አጥፍቼ ጉዳዩን በዚያው የምዘጋው መስሎኝ ነበር። ይህን ማስታወሻ መጻፍ የጀመርኩት ግን ነገሩ ፍላሽ በማጽዳት እንደማያበቃና ኮምፒዩተሩ ራሱን በየጊዜው የሚፈትሽበት ቀጠሮ እንደሚያስፈልገው ስለገባኝ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ቫይረስ አሠራር ቀላልና ብልጠት ያለበት ነው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች አይሰርዛቸውም፤ የድብቅነትና የሲስተም ፋይልነት ባሕርይ ሰጥቶ ከዓይን ይሰውራቸውና በየስማቸው አንዳንድ ሾርትካት ይተክላል። ተጠቃሚው ያንን ሾርትካት ሲጫን በፍላሹ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ይነሣና ራሱን ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጣል፤ ወዲያውም ጥርጣሬ እንዳያድር እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ቀድሞ ፍላሽ እንደተሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ጊዜ ሊነሣ ይችል የነበረ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች፣ በኤክስፒና በቪስታ ላይ ይህን በር በማሻሻያ ዘግቶታል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ቫይረስ የሚመካው በእኛው ጣት ነው።

ኮምፒዩተራችን ዴስክቶፕ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክና ዊንዶውስ 10 አለው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን ያበቃ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር ለሚመጣው ጸረ-ቫይረስ ለዲፌንደር የሚላከውን የቫይረስ መለያ (የታወቁ ቫይረሶች ዝርዝር) እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደሚቀጥልበት አስታውቋል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም። ስለዚህ ባለው መሥራት የግድ ሆነ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ጸረ-ቫይረሱ እያለ ይህ እንዴት ሊገባ ቻለ የሚል ነበር። የዊንዶውስን የጥበቃ መስኮት፣ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን፣ ከፍቼ ስመለከት ኮምፒዩተሩን የገዛንበት ሱቅ በተሰበረ ቁልፍ (ሳይከፈልበት) የጫነው ሌላ ጸረ-ቫይረስ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፤ የቫይረስ መለያው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው ከ14 ወራት በፊት ነው። ዲፌንደር ደግሞ ሌላ ጸረ-ቫይረስ ሥራ ላይ እንዳለ ሲነገረው ከመንገድ ገለል ይላል። በሌላ አነጋገር በር ላይ የተኛ ዘበኛ ስለተቀመጠ የነቃው ዘበኛ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። የተሰበረውን ፕሮግራም አራግፌ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ባበራሁት ጊዜ ዲፌንደር ማንም ሳይጠራው ተነሣ። በስልኬ ሆትስፖት የቫይረስ መለያውን አሳደስኩ፤ ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ስለነበር ከ100 ሜጋባይት በላይ ከጥቅሌ በላ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ፍተሻው አራት ዓይነት ነው፦ ፈጣን፣ ሙሉ፣ በምርጫ የሚደረግና ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚካሄደው ኦፍላይን። ዛሬ በፈጣኑ ጀመርኩ። ፈጣን ፍተሻ ዲስኩን በሙሉ አያስስም፤ በዚያች ሰዓት በራም ላይ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ሁሉ፣ እንዲሁም ቫይረስ መቀመጥ የሚወድባቸውን ቦታዎች ያያል። በ19 ደቂቃ ተጠናቆ ሁለት ነገር አገኘ፦ በማስነሻ ፎልደሩ ውስጥ የተቀመጠውን ስክሪፕትና እርሱን የሚጠራውን የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) መስመር። ሁለቱንም ወደ ኳራንቲን (ማግለያ) አስገባቸው።

ፍላሹን ግን ፈጣኑ ፍተሻ አልነካውም። ሙሉ ፍተሻም ቢሆን፣ ካልታዘዘ በስተቀር፣ የተሰኩ ፍላሾችን እንደማያይ ያወቅሁት ዛሬ ነው፤ እስከ ዛሬ «ሙሉ» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር የሚያጠቃልል መስሎኝ ነበር። የፍላሹን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጌ በዲፌንደር ይፈተሽ የሚለውን መረጥኩ፤ ሾርትካቶቹ አንድ በአንድ ተለቀሙ። የተደበቁት ፎልደሮች ግን ቫይረሱ ከተወገደ በኋላም ተደብቀው ቀሩ። ጸረ-ቫይረስ ሌባውን ይይዛል እንጂ ሌባው የሸሸገውን ዕቃ አውጥቶ አያስረክብም። ትእዛዝ በሚጻፍበት በጥቁሩ መስኮት ውስጥ አትሪብ በተባለው ትእዛዝ የድብቅነቱንና የሲስተምነቱን ባሕርይ ከፎልደሮቹ ላይ ስገፍ ምዕራፍ ሦስት ከነሠንጠረዦቹ ብቅ አለ። እህቴ ቡና አፈላችልኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ዛሬ የሙሉ ፍተሻ ቀን አደረግሁት። ቀኑን የመረጥሁት በአጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን እናቴ ከሚካኤል ተመልሰው ግቢውን ጠርገው ቆሻሻውን ለማቃጠል ሲከምሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተቀምጬ አዩኝና «ያንንም ሣጥንህን አውጣና አብረን እናጥነው» አሉኝ። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ ያስለመደን የጽዳት ልማድ ነውና፣ አነጋገራቸው ከቀልድነቱ ይልቅ ትክክለኛነቱ በለጠብኝ።

ፍተሻውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ሄደ። ዩፒኤሳችን የሚያቆየው ሰባት ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ እኔ ደግሞ ከቤት ስላልነበርኩ፣ ኮምፒዩተሩ በፍተሻው መካከል ጠፋ። መብራት 9 ሰዓት ላይ ሲመለስ ፍተሻው ካቆመበት ይቀጥላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀጠለም። ስጀምረው ከዜሮ ጀመረ፤ ያበቃውም ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ነው፤ አምስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለት ነው። የተቆጠሩት ፋይሎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው ሲያስገርሙኝ፣ የታመቁ ፋይሎች ውስጣቸው ያለው እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው እንደሚቆጠር ተረዳሁ።

ፈጣኑ ፍተሻ ያላያቸው ሁለት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው በዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ የአንድ ፕሮግራም ቁልፍ መስበሪያ ሲሆን ያወረድኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም። ሁለተኛው የድሮ ፍላሽ ሙሉ ቅጂ ነው። ከዓመታት በፊት ፍላሹ ሳይበላሽ ብዬ በሁለተኛው ድራይቭ ላይ የገለበጥኩት ፎልደር ውስጥ ያው የሾርትካት ቫይረስ ተኝቶ ኖሯል። ማንም ስላልነካው አልተነሣም፤ ስላልተነሣም ፈጣኑ ፍተሻ የሚያገኘው ቦታ ላይ አልነበረም። ሙሉ ፍተሻ ቢያንስ አንድ ጊዜ መደረግ እንዳለበት ያሳመነኝ ይህ ነው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ኦፍላይን ፍተሻውን ሞከርኩ። ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይከፈት ፍተሻውን ያካሂዳል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ጥቅሙ፣ ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ የሚደበቅ ቫይረስ ካለ መደበቂያ ሳያገኝ መያዙ ነው። ምንም አልተገኘም። ከመጀመሩ በፊት የተከፈተ ጽሑፍ ካለ መቀመጥ እንዳለበት ለእህቴ ደግሜ ነገርኳት።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባሁ። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ መስኮት ላይ የፍተሻ ቀጠሮ መያዣ ቁልፍ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፤ ለካ ቀጠሮው የሚያዘው በሌላ ቤት፣ ታስክ ስኬጁለር በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ከማይክሮሶፍት ፎልደር ወደ ዊንዶውስ፣ ከዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስ ዲፌንደር ሲገባ አራት የተዘጋጁ ሥራዎች ይገኛሉ፤ አንደኛው ስኬጁልድ ስካን ይባላል። ሥራው አለ፤ ትሪገርስ የሚለው ገጹ ግን ባዶ ነው። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ፣ መቼ እንደሚሠራ ግን ማንም ያልነገረው ሠራተኛ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ የሌሊት ፍተሻ ነበር። ኮምፒዩተሩን ማንም የማይነካበት፣ መብራትም እምብዛም የማይሄድበት ሰዓት ስለሆነ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓትን መረጥኩ። እዚህ ላይ የአቆጣጠራችን ነገር የመጀመሪያውን መሰናክል አመጣ። እኛ ቅዳሜ ሌሊት የምንለው ሰዓት ለዊንዶውስ እሑድ ሆኗል፤ የእርሱ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነውና። «ለእሑድ አጥቢያ» የሚለው አባባላችን ለዚህ ሥራ ከ«ቅዳሜ ሌሊት» ይልቅ ይመቻል። ስለዚህ ቀኑን እሑድ፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት አድርጌ ሞላሁ። ኮንዲሽንስ በሚለው ገጽ ላይም ኮምፒዩተሩ ተኝቶ (ስሊፕ ላይ) ከሆነ እንዲያነቃው አዘዝሁ፤ ማታ ከማጥፋት ይልቅ ማስተኛት እንደሚበቃ ለቤተሰቡ ነገርኩ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ፍተሻው አልተካሄደም።

ምክንያቱን ለማግኘት ኢቨንት ቪውወር የተባለውን የኮምፒዩተሩን መዝገብ ማንበብ ተማርኩ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም ይህ ነው። ዲፌንደር በራሱ የመዝገብ ገጽ ላይ ያደረገውን ሁሉ በቁጥር ይጽፋል። 1000 ፍተሻ ተጀመረ፣ 1001 ፍተሻ ተጠናቀቀ፣ 1002 ፍተሻ ሳይጠናቀቅ እንዲቆም ተደረገ ማለት ነው። 1116 አደገኛ ነገር መገኘቱን፣ 1117 እርምጃ መወሰዱን፣ 2000 የቫይረስ መለያው መታደሱን፣ 5001 ደግሞ ቅጽበታዊው ጥበቃ (ፋይሎች ሲከፈቱ ወዲያው የሚያየው) መጥፋቱን ይናገራል። የኅዳር 12ቱን የጠዋት ፍተሻ ሳይ 1000 ተጽፎ ከኋላው 1001ም 1002ም የለም፤ ያለ ጥንድ የቀረ 1000 በቤታችን የመብራት መጥፋት ፊርማ መሆኑ ነው።

ለዛሬ ሌሊት ግን 1000 እንኳ አልተጻፈም። ኮምፒዩተሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ ምንም የጻፈው ነገር የለም። እናቴን ጠየቅኋቸው።

«እማዬ፣ ማታ ኮምፒዩተሩን አጥፍተሽዋል?»

«እኔ ኮምፒዩተር አልነካሁም። ዲቫይደሩን ነው ያጠፋሁት፤ ሁልጊዜም አጠፋዋለሁ። እኛ ተኝተን ኤሌክትሪኩ ለምን ይነቃል?»

መልስ አልነበረኝም። ታስክ ስኬጁለር የተኛን ኮምፒዩተር መቀስቀስ ይችላል፤ ከግድግዳው የተቆረጠን ግን አይችልም። እናቴን ልማዳቸውን እንዲተዉ መለመን እችል ነበር፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ መስመራችን አሮጌ ነው፣ ዲቫይደሩም ሲነካ የሚሞቅበት ጊዜ አለ፤ ሲመዘን እርሳቸው ትክክል ናቸው። መስተካከል ያለበት ቀጠሮው ነው።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

የቤታችንን የኮምፒዩተር አጠቃቀም ለሦስት ቀን መዘገብኩ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ትጽፋለች፤ ከምሳ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች፤ እኔ ከሥራ የምመለሰው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ለሙሉ ፍተሻ ቅዳሜ 8 ሰዓትን ያዝኩ።

የተዘጋጀው የዲፌንደር ሥራ ሳይቀየር ከተተወ ፈጣን ፍተሻ ብቻ ስለሚያደርግ፣ ለሙሉው ፍተሻ የራሴን ሥራ ፈጠርኩ። በአክሽንስ ገጽ ላይ በፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ካለው የዲፌንደር ፎልደር ኤም ፒ ሲኤምዲ ረን የተባለውን ፕሮግራም መርጬ፣ ከጎኑ ባለው ሣጥን ውስጥ ስካን የሚለውን ቃልና የፍተሻውን ዓይነት ቁጥር ጻፍኩ፤ 1 ፈጣን፣ 2 ሙሉ፣ 3 ተለይቶ የሚሰጥ ፎልደር ነው። ይኸው ፕሮግራም በሌላ ፎልደር ውስጥም ይገኛል፤ ይሁን እንጂ የዚያኛው መንገድ የሥሪት ቁጥር ስላለበትና ዲፌንደር በታደሰ ቁጥር ስለሚለዋወጥ፣ እርሱን የጠቆመ ቀጠሮ አንድ ቀን ባዶ ቦታ ሊጠቁም ይችላል። በጄኔራል ገጽ ላይ ከፍተኛውን ፈቃድ እንዲይዝና ማንም ባይገባም እንዲሠራ አመለከትሁ።

ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ ብቻ ይጀምር የሚለውን ምርጫ አሰብኩበትና ተውኩት። በጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ኮምፒዩተር ግን ወይ ሰው ተቀምጦበታል ወይ ጠፍቷል፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ የለም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ስሕተቱ የእኔ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እህቴ ቁርሷን ሳትጨርስ «ወንድሜ፣ ኮምፒዩተሩን ምን አደረግኸው?» እያለች መጣች። አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል፤ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ይበራል። ታስክ ማኔጀርን ስከፍት የዲፌንደር አገልግሎት ዲስኩን መቶ በመቶ ይዞታል።

ቀን 8 ሰዓት ለማለት 8 ብዬ ጽፌ ነበር። የዊንዶውስ 8 ግን የእኛ ጠዋት 2 ነው። ስልኬ ላይ ስቀጥር የማልስተውን፣ አውሮፕላን ለመሳፈር ስነሣ የማልስተውን ነገር እዚህ ላይ ሳትሁት፤ የቤት ጉዳይ ስለሆነ ሳላስበው በቤት ሰዓት አሰብኩ መሰለኝ። የእኛ ቀን 8 ሰዓት ላይ 6 ሲደመር 14 ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ 2 ማለት ነው። ፍተሻውን ከዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ መስኮት ሰረዝኩት፤ መዝገቡም ያለ ሐሜት 1002 ብሎ ጻፈብኝ። ሰዓቱን አስተካክዬ በወረቀት ላይም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ሞኒተሩ ጀርባ ለጠፍኩ።

ስለ ፍጥነቱም አንድ ነገር ተማርኩ። ዲፌንደር በቀጠሮ ሲፈትሽ ከፕሮሰሰሩ አቅም በአማካይ ከ50 በመቶ በላይ እንዳይወስድ የሚያደርግ ገደብ ከመነሻው ተቀምጦለታል፤ ፓወርሼል በተባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ለእኛ ግን አይረባም። ማነቆው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የሚሽከረከረው ዲስክ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲያዛጋ ዲስኩ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የተሻለው መፍትሔ ሰው በሌለበት ሰዓት መፈተሽ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሆን ብዬ እቤት ቆየሁ። ኮምፒዩተሩ በርቷል፣ መብራት አለ፣ ዲቫይደሩም በርቷል፤ ፍተሻው ግን አልጀመረም። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ዓይኔ በማያ ገጹ ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ቀን ላይ አረፈ፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.፣ ሐሙስ።

ሰዓቱ አልፎ አልፎ እንደሚሳሳት ከዚህ በፊትም አይቻለሁ፤ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይስተካከል ስለነበር ግን ቁም ነገር አልሰጠሁትም። ዛሬ እህቴ ያለ ኢንተርኔት ስትሠራ ውላለች። ኮምፒዩተሩ በ2015 ውስጥ ሆኖ በ2025 እንዲጀምር የተቀጠረን ሥራ ይጠብቃል፤ በራሱ አቆጣጠር ቀጠሮው ገና አሥራ አንድ ዓመት ያህል ይቀረዋል። መዝገቡን ወደ ታች ስገፋ የጠዋቱ ጽሑፎች በሙሉ በ2015 ተጽፈው ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል።

መንሥኤው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሳንቲም የምታክለው ባትሪ ማለቋ ነው። ይህች ባትሪ የምትሠራው ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ሲቆረጥ ሰዓቱን ለመጠበቅ ነው፤ ዲቫይደሩ በየሌሊቱ ስለሚጠፋ በየሌሊቱ ስትሠራ ኖራለች። ስለዚህ የእናቴ ጥንቃቄ ቤቱን ሲጠብቅ በጎን ባትሪዋን ጨርሷታል። እህቴ ለወራት «ጠዋት ጠዋት ድረ ገጾቹ ደህንነታቸው አልተረጋገጠም ይሉኛል» እያለች ስታማርር የነበረውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የድረ ገጽ ማረጋገጫ የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ፣ ቀኑ ከአሥራ አንድ ዓመት ያህል በፊት ለሆነ ኮምፒዩተር የዛሬው ማረጋገጫ ሁሉ ገና ያልደረሰ ነው። የቫይረስ መለያውም መታደስ ሲያቅተው የነበረው በእነዚያው ጠዋቶች ነው፤ 2001 የሚለው የውድቀት ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ተደርድሯል።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ባትሪዋን የገዛሁት ከሰዓት ጠጋኝ ነው። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ባለ 3 ቮልቷ ናት። ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ በውስጡ የከረመውን አቧራ በብሩሽ ካነሣሁ በኋላ አሮጌዋን በጥፍሬ አስፈንጥሬ አዲሷን አስገባሁ። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም፤ አቧራው ግን ግማሽ ሰዓት ወሰደ።

እግረ መንገዴን ጥበቃው በእርግጥ ነቅቶ እንደሆነ ፈተንኩ። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ኢካር የሚባል የሙከራ ፋይል አለ፤ 68 ፊደላትና ምልክቶች ያሉት አንድ መስመር ጽሑፍ ሲሆን ራሱ ምንም ጉዳት የለውም፤ የጸረ-ቫይረስ ሠሪዎች ግን እንደ ቫይረስ ሊይዙት ተስማምተዋል። በኖትፓድ ጽፌ ሳስቀምጠው ዲፌንደር ወዲያው ነጥቆ ወሰደው፤ በመዝገቡም ላይ 1116 እና 1117 ተከታትለው ተጻፉ። የሰዓቱም ቀን ዛሬ ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

1000፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። 1001፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40። የተገኘ ነገር የለም።

እቤት አልነበርኩም። ማታ ገብቼ መዝገቡን ስከፍት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቼ ከሚገባው በላይ ደስ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ሙሉውን ፍተሻ በየሳምንቱ ማድረግ አስፈላጊ መስሎ አልታየኝም። ቅጽበታዊው ጥበቃ እያንዳንዱን ፋይል ሲከፈት ስለሚያየው፣ አንዴ ሙሉ ፍተሻ ለተደረገለት ኮምፒዩተር የየዕለቱ ፈጣን ፍተሻ ይበቃል፤ የማይክሮሶፍትም ምክር በአብዛኛው ወደዚሁ ያዘነብላል። በአምስት ሰዓት ፍተሻ የዲስኩን ዕድሜ መብላትም አልፈለግሁም። ሙሉውን በወር አንድ ጊዜ፣ በፈረንጅ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ላይ አዛወርኩት፤ ታስክ ስኬጁለር ጳጉሜን የሚባል ወር ስለማያውቅ በእርሱ ወር መስማማት ነበረብኝ። ፈጣኑን በተዘጋጀው የዲፌንደር ሥራ ላይ በየቀኑ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ማለት 13 ሰዓት ላይ ቀጠርኩ፤ እህቴ ምሳ የምትበላበት ሰዓት ነው።

በሴቲንግስ ገጽ ላይ ቀጠሮው ካመለጠ በተቻለ ፍጥነት ይካሄድ የሚል ምርጫ አለ። ለፈጣኑ ፍተሻ አበራሁት፤ ለሙሉው ግን አላበራሁትም። ፈጣኑ ከሃያ ደቂቃ ስለማይበልጥ መቼም ቢነሣ ሰው አያስቸግርም፤ ሙሉው ግን ቅዳሜ አምልጦት እሑድ ጠዋት እህቴ ስትቀመጥ ቢነሣ የኅዳር 27ቱ ይደገማል። ሙሉው ካመለጠ መዝገቡን አይቼ በእጄ አስነሣዋለሁ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

መብራት ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ሄዶ ነበር፤ የ7 ሰዓቱ ፍተሻ አመለጠ። መብራት መጥቶ ኮምፒዩተሩ ከተነሣ ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ ግን 1000 ተጻፈ፤ በ16 ደቂቃም 1001። አሥር ደቂቃው የታስክ ስኬጁለር ልማድ ነው፤ ያመለጠውን ሥራ ኮምፒዩተሩ ሳይረጋጋ አይጭንበትም። ሰዓቱም ሳይዛነፍ ተነሥቷል።

ከዚያ በኋላ 1116 እና 1117ን ሳይ ደነገጥኩ። እህቴ ያረመችውን ጽሑፍ ለማሳተም ወደዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ተመልሳለች፤ ፍላሹን እንደሰካች ምንም ሳትከፍት በቀኝ ጠቅ አድርጋ ራሷ አስፈትሻዋለች፤ ስምንት ሾርትካት ተይዟል። የአትሪብን ትእዛዝ የት እንደጻፍኩት ብቻ ጠየቀችኝ። ሞኒተሩ ጀርባ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ ከሰዓቱ ሥር ጨመርኩላት።

የሚቀጥለው ሙሉ ፍተሻ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ለገና አራት ቀን ሲቀረው ነው። ዲቫይደሩ በዚያ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት እንዳይጠፋ ለእናቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም እስከ 1 ሰዓት ብቻ ብለው ተስማምተዋል።